ውዝፍ ያለበት ሰውነት ስንት ይበላል?

(ከአኖሬክሲያ፣ ማለትም ሰው መብላትን ፈርቶ ራሱን ከሚያስርብበት ሕመም፣ በማገገም ላይ ላሉ ሰዎችና ለቤተሰቦቻቸው በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂው ላይ እንዳለ ገልብጬዋለሁ። የደጋገምኩትንም አልነካሁትም።)

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን ዋላችሁ?

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። ከኋላ የቆማችሁ፣ እዚህ ፊት ለፊት ባዶ ወንበር አለ። አይዟችሁ፣ ማንንም ወደ መድረክ አልጠራም። (ሳቅ)

እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። በተለይ ደግሞ ሳትፈልጉ ተጎትታችሁ የመጣችሁትን አመሰግናለሁ። አውቃችኋለሁ። እጃችሁን አጣምራችሁ በር በሩን ነው የምታዩት። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ከስምንት ዓመት በፊት እህቴ እንደዚህ ያለ ስብሰባ ላይ ጎትታ አምጥታኝ ነበር። ተናጋሪው ምን እንዳለ ዛሬም አላውቅም። ከኋላ ጠረጴዛ ላይ ኬክ ሲደረድሩ ነበር የማየው። ስንት ኬክ እንደነበር ግን አስታውሳለሁ። አሥራ አራት።

በሙያዬ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቁጥር እወዳለሁ። ሆኖም ዛሬ የማልነግራችሁ ሁለት ቁጥር አለ። ስንት ኪሎ ወርጄ እንደነበር አልነግራችሁም። በቀን ምን ያህል ብቻ እበላ እንደነበርም አልነግራችሁም። ለምን? እዚህ መሃል ቁጥሩን ሰምታ «እኔማ እዚያ አልደረስኩም፤ አላመመኝም ማለት ነው» የምትል አለች። እኔም እንደዚያ እል ነበር። ይህ በሽታ ያፎካክራል። ደግሞ ቀጭን ሳይመስል በዚህ በሽታ ክፉኛ የሚታመም ሰው አለ። ስለዚህ ማንም ማንንም በዓይኑ እንዳይለካ።

ሦስት ነገር ልናገር ነው የመጣሁት። አንደኛ፣ በቂ ማለት ስንት ነው? ሁለተኛ፣ ሳይርበን እንዴት ነው የምንበላው? ሦስተኛ፣ መብላት ስንጀምር ሰውነታችን ምን ነካው? በመሃል ከመስመር ወጣ ካልኩ ታገሱኝ። እህቴ ከፊት ተቀምጣ ሰዓት ትይዝልኛለች። አዎ፣ ያችው ጎትታ ያመጣችኝ።

እሺ። አንደኛው። በቂ ማለት ስንት ነው?

መታከም ስጀምር የሥነ ምግብ ባለሙያዋ አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት። በየመሃሉ ደግሞ መክሰስ፣ ሦስት ጊዜ። ወረቀቱን አየሁት። ገልብጬ ጀርባውንም አየሁት። የሳምንት መስሎኝ ነበር። የአንድ ቀን ነው። (ሳቅ)

«ይኼን ማን ነው የሚበላው?» አልኳት።

«አንቺ ነሻ።»

«ጤነኛዋ እህቴ እንኳን ይኼን ያህል አትበላም!»

«እህትሽ ውዝፍ የለባትም» አለችኝ።

ሥራዬን ታውቃለች። ቃሏን መርጣ ነው የተናገረችው።

ውዝፍ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። በጊዜው ሳይከፈል የተከማቸ ሂሳብ ነው። አንድ ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ የቤት ኪራይ አልከፈለም እንበል። ከዚያ አንድ ቀን ተነስቶ «ከዛሬ ጀምሮ የየወሩን በሰዓቱ እከፍላለሁ» አለ። ጎበዝ። ያለፈውን ሁለት ዓመትስ ማን ይክፈለው? የየወሩን ብቻ እየከፈለ ውዝፉ ያልቃል? አያልቅም። መቼም አያልቅም!

ሰውነትም እንደዚሁ ነው። ምግብ ሲቀንስበት ወጪ ይቀንሳል። የልብ ምት ይዘገያል። እጅና እግር በረዶ ይሆናል። የወር አበባ ይቆማል፤ ወንዶች ላይ ደግሞ ቴስቶስቴሮን የሚባለው የወንድነት ሆርሞን ይወርዳል። የራስ ፀጉር ይረግፋል፤ ክንድና ጀርባ ላይ ግን እንደ ጨቅላ ሕፃን ስስ ፀጉር ይበቅላል። የተቀመጠው ስብ ሲመናመን ጡንቻን መብላት ይመጣል። ልብም ጡንቻ ነው፤ እሱም ይሳሳል። አጥንት ይሳሳል። አንጎል ሳይቀር ይኮማተራል። አንጎል ከክብደታችን 2 በመቶ ገደማ ነው፤ ሥራ ሳንሠራ ከምናቃጥለው ጉልበት ግን 20 በመቶ ያህሉን የሚወስደው እሱ ነው። ታዲያ እሱን አስርበን በጤነኛ ሐሳብ እንድናስብ እንዴት እንጠብቃለን?

ይኼ ሁሉ የቀረ ጥገና ነው። የሚጠገነው ከምግብ ነው። ከየዕለቱ ወጪ በላይ ከሚገባ ምግብ።

ቁጥር ካላችሁኝ፣ ለማገገም በቀን 3 ሺህ ካሎሪና ከዚያም በላይ የሚያስፈልጋቸው ብዙዎች ናቸው። የእናንተን ግን ከሐኪማችሁና ከሥነ ምግብ ባለሙያችሁ ጋር ነው የምትወስኑት። እኔን አትስሙ። ኢንተርኔት ላይ ያነበባችሁትንም ተዉት።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። እኔን የለወጠኝ ታሪክ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1944 መጨረሻ፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገና ሳያልቅ ነው። አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ፣ አንሴል ኪስ የሚባል ተመራማሪ 36 ወጣት ወንዶችን ሰበሰበ። ሕሊናችን ስለማይፈቅድ አንዋጋም ያሉ ናቸው። በፈቃዳቸው ነው የገቡት። ጥያቄው አንድ ነው፤ ጦርነቱ ያስራበውን ሕዝብ መልሰን እንዴት እንመግበው? ይህን ለማወቅ መጀመሪያ ማስራብ ነበረበት። ለ24 ሳምንታት ከለመዱት ግማሽ ያህሉን ብቻ አበላቸው። ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ።

ልብ በሉ! እነዚህ ሰዎች አኖሬክሲያ የለባቸውም። ልቅጠን ያለ አንድም የለም። በአካልም በአእምሮም ጤነኛ መሆናቸው ተመርምሮ ነው የተመረጡት። ግን ምን ሆኑ? ቀኑን ሙሉ የሚያስቡት ስለ ምግብ ሆነ። የምግብ አሠራር መጻሕፍት መሰብሰብ ጀመሩ። አንዲት ሳህን ይዘው ሁለት ሰዓት ያህል የሚቀመጡ ነበሩ። ብዙ እንዲመስል ውሃ ያፈሱበታል። ሳህኑን ይልሳሉ። በሞቃት ቀን ይበርዳቸዋል። ይነጫነጫሉ። ከሰው ይሸሻሉ። መሳቅ ተዉ።

ይህን ያነበብኩ ቀን ወለል ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለምን መሰላችሁ? እኔ እኮ ባህሪዬ መስሎኝ ነበር! አንድ ሙሉ ደብተር የምግብ አሠራር ጽፌያለሁ፤ አንዱንም ሳልቀምሰው። ለቤተሰቡ ኬክ ጋግሬ፣ ቆሜ ሲበሉ አያቸዋለሁ። አንድ ፖም አሥራ ስድስት ቦታ ቆርጬ በሹካ እበላለሁ። ይኼ ሁሉ እኔ መስሎኝ ነበር። ግማሹ ረሃብ ነው። እነዚያም 36 ሰዎች ሲራቡ እንደኔው ሆኑ። ወንድሞቼ፣ እናንተም ስሙኝ፤ 36ቱም ወንዶች ናቸው። ይህን ነገር የሴት ጉዳይ አድርጋችሁ አትደብቁት።

ዋናው ገና ይመጣል። የማስራቡ ጊዜ አለቀና መመገብ ተጀመረ። ኪስ በቡድን ከፋፈላቸው። ለአንዱ ቡድን ትንሽ ጨመረ፤ ለሌላው ከዚያ ተለቅ ያለ። ከየቡድኑ ለአንዳንዱ ቫይታሚን፣ ለአንዳንዱ ፕሮቲን አከለ። ምን ሆነ? ትንሽ የተጨመረላቸው ፈቅ አላሉም። ቫይታሚኑም ያን ያህል የለወጠው ነገር የለም። የለወጣቸው የምግቡ ብዛት ነው። ብዛቱ! ኪስ የደረሰበት መደምደሚያ፣ እንደዚያ ለተጎዳ ወንድ በቀን 2 ሺህ ካሎሪ እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ አያመጣም፣ ለወራት ያህል ወደ 4 ሺህ ገደማ ያስፈልገዋል የሚል ነው። ገደቡ ሲነሳላቸው በቀን 5 ሺህና ከዚያ በላይ የበሉ ነበሩ። ሆዳቸው ሞልቶ ገና ይርባቸው ነበር።

እና «እኔ እኮ እየበላሁ ነው፣ ጤናማ ጤናማውን» የምትሉኝ ልጆች። ሰላጣ ከቫይታሚን ክኒን ጋር። ሰላጣ ጠላቴ አይደለም። ሆድ ይሞላል፤ ውዝፍ ግን አይከፍልም። ዘይት፣ ቅቤ፣ ለውዝ፣ እንቁላል፣ ሙሉ ወተት፣ ዳቦ፣ ሩዝ። የምትፈሩትን ነው የምጠራው። አውቃለሁ።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባል የለ? ይህ ተረት ስታመም ስንት ጊዜ መሸሸጊያ ሆነኝ መሰላችሁ! «አትቸኩሉብኝ፣ ቀስ በቀስ ነው» እላለሁ። በሳምንት አንድ ብስኩት ጨምሬ ማለት ነው። አንድ ቀን እናቴ ሰለቻት። «እንቁላሉም እኮ ዶሮዋ ካልታቀፈችው ይገማል እንጂ አይሄድም!» አለችኝ። (ሳቅ)

ግን። ግን! ሁለተኛው ላይ ከመሄዴ በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ይህችን በቀልድ አላልፋትም።

ይህን ሰምታችሁ ዛሬ ማታ ድስት ሙሉ እንዳታቀርቡ። ለረጅም ጊዜ በጣም ትንሽ ሲበላ የቆየ ሰው፣ ወይም በአጭር ጊዜ ብዙ ኪሎ የቀነሰ ሰው፣ ድንገት ብዙ ሲበላ አደጋ አለ። ምግቡ ሲገባ ኢንሱሊን ይነሳል። ኢንሱሊን ደም ውስጥ ያሉትን ፎስፌት፣ ፖታሺየምና ማግኒዢየም የሚባሉ ማዕድናት ጠርጎ ወደ ሴሎች ያስገባል። እነዚህ ደግሞ ቀድሞውኑ የተሟጠጡ ናቸው። ደም ውስጥ ድንገት ሲወርዱ የልብ ምት ይዛባል። ሰው ሊሞት ይችላል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከረሃብ ነፃ ወጥተው፣ ምግብ ከቀመሱ በኋላ የሞቱ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ቀናት፣ እስከ ሁለት ሳምንት ገደማ፣ ሐኪም ይያዘው። የደም ምርመራ፣ የልብ ምርመራ፣ ቫይታሚን ቢ1፤ እነሱ ያውቁታል። ትንፋሽ ካጠረ፣ ልብ ከደለቀ፣ ሰውነት ካበጠ፣ ሰውዬው ግራ ከተጋባ እስከ ነገ አትጠብቁ። ሆስፒታል ውሰዱት።

አደጋ አለ ማለት ግን አትብሉ ማለት አይደለም። በሐኪም ዓይን ሥር ብሉ ማለት ነው። ይህን የምለው እኔ ራሴ ስለዚህ አደጋ የተጻፈ አንቀጽ አንብቤ «አየሽ፣ መብላት ይገድላል» ብዬ እህቴን ስለተከራከርኳት ነው። ይህ በሽታ ጥሩ ጠበቃ ነው። ማንኛውንም ወረቀት ለራሱ ይጠቀምበታል።

ሁለተኛው። ሳይርበን እንዴት እንበላለን?

አኖሬክሲያ የሚለው ቃል ከግሪክ የመጣ ነው። የምግብ ፍላጎት ማጣት ማለት ነው። ስሙ ያሳስታል። ብዙዎቻችን ይርበን ነበር፤ መብላት ነው ያስፈራን። አኖሬክሲያ ነርቮሳ የሚለውን ስም በጽሑፍ ያወጣው ዊሊያም ገል የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1874። ስሙ ላይ ቢስትም ሕክምናው ላይ አልሳተም። ምግቡ በተወሰነ ሰዓት ይሰጥ አለ። ታማሚዋ በደከመች መጠን ሰዓቱ ይቀራረብ አለ። ከዚያ ደግሞ ምን አለ? ፍላጎቷ በጭራሽ አይጠየቅ።

ፍላጎቷ አይጠየቅ! ጭካኔ ይመስላል፣ አይደል? እኔ ግን እውስጡ ሆኜ ያየሁትን ልንገራችሁ።

«ትበያለሽ?» ብለው ሲጠይቁኝ «እሺ» ካልኩ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ። ውስጤ ያለው ድምፅ ሌሊቱን ሙሉ ፍርድ ቤት ያቆመኛል። «ማን ብዪ አለሽ? ራስሽ ነሽ የፈለግሽው» ይለኛል። ሳይጠይቁኝ ካቀረቡልኝ ግን መልስ አለኝ። «ምን ላድርግ፣ እናቴ ናት» እለዋለሁ። ጥፋቱ የእናቴ ይሆናል። እናቶች፣ አባቶች፣ እባካችሁ ያንን ጥፋት ተሸከሙላቸው። ልጃችሁ ብቻዋን ልትሸከመው አትችልም።

«በቃኝ» ስንልም አትመኑን። ሁልጊዜ እየዋሸን ነው ማለቴ አይደለም። ጨጓራ ለረጅም ጊዜ ትንሽ ሲገባበት ይንቀረፈፋል። ሁለት ማንኪያ ገብቶ እውነትም የሞላ ይመስላል፤ ይነፋል፤ ያቅለሸልሻል። ስሜቱ እውነት ነው። ደወሉ ነው የተበላሸው። የሚጠገነው ደግሞ በመብላት ነው፤ ለብዙዎች በሳምንታት ውስጥ ይሻላል። እስከዚያው ዘዴ አለ። በየሦስት ሰዓቱ ገደማ መብላት። ከምግብ በፊት ሆድን በውሃ አለመሙላት። ማኘክ ሲያቅት መጠጣት፤ ወተት፣ ሙዝና የለውዝ ቅቤ አብሮ ተፈጭቶ። ትንሽ ሳህን ላይ ብዙ ጉልበት ያለው ምግብ። ስፖርቱ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቁም። ብቻችሁን የምትኖሩ ደግሞ ስልካችሁን በደወል ሙሉት። ቁርሳችሁን ማታ ወስኑ፤ ጠዋት ከራሳችሁ ጋር ክርክር እንዳይነሳ። ከጓደኛ ጋር በቪዲዮ እየተያዩ መብላትም ይሠራል። እኔ ስድስት ወር እንደዚያ በልቻለሁ።

አሁን ስለ ሹራቡ ልንገራችሁ። እህቴ «ንገሪያቸው» ብላኛለች።

አንድ ምሽት እራት ላይ ነን። ሾርባ፣ እንቁላልና ዳቦ አለ። ያን ጊዜ የማላወልቀው ግራጫ ሹራብ ነበረኝ፤ እጅጌው ጣቴ ድረስ የሚመጣ። ዳቦዬን ለሁለት ቆርሼ ግማሹን እጅጌዬ ውስጥ ከተትኩት። በዚህ ነገር ጎበዝ ነበርኩ። ፍርፋሪው ክንዴ ላይ እየኮሰኮሰኝ ቁጭ አልኩ። እናቴ አየችኝ። ምንም አላለችም። ተነሳች። መጥታ ከእጅጌዬ ውስጥ ዳቦውን ስባ አወጣችው። ጠረጴዛው ጥግ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ከትልቁ ዳቦ ሌላ ቆረጠች። ከዚያኛው ጋር አስተያየችው፤ ያንሳል መሰለኝ፣ እንደገና ቆረጠች። ፊቴ አኖረችው።

«ያ የሹራብሽ ነው» አለችኝ። «ይኼ ያንቺ ነው።»

አልጮኸችም። አላለቀሰችም። ተመልሳ ተቀመጠችና ስለ ጎረቤታችን ድመት የጀመረችውን ወሬ ቀጠለች። ያንን ግማሽ ዳቦ ለመጨረስ 50 ደቂቃ ፈጀብኝ። እናቴ 50 ደቂቃ ሙሉ ስለ ድመት አወራች። ድመቷ አራት ነው የወለደችው። አንዷ ባለ ነጭ ጫማ ናት። (ሳቅ)

እናቴ ማንም አላስተማራትም። ለካ ግን ይኼ ነገር ሕክምና ሆኖ ተጠንቷል። ለንደን ሞድስሊ ሆስፒታል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተጀመረ፣ ቤተሰብን መሠረት ያደረገ ሕክምና አለ። ለልጆችና ለወጣቶች ነው በተለይ የሚረዳው። ወላጆች የምግቡን ነገር ሙሉ በሙሉ ይረከባሉ። ምን፣ መቼ፣ ስንት፤ ሁሉንም። ልጁ እያገገመ ሲሄድ ደግሞ ኃላፊነቱ በየደረጃው ይመለስለታል። እዚያ ወላጅን «ምን በድላችሁት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። የሚፈለገው በቀን ስድስት ጊዜ ከልጁ ጋር ቁጭ የሚል ሰው ነው።

ሦስተኛው። እህቴ በእጇ እያሳየችኝ ነው። እሺ፣ እሺ፣ አሳጥራለሁ። (አላሳጠርኩም።)

መብላት ስንጀምር ሰውነታችን ምን ነካው?

ይህን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ አንድ ጊዜ ሁሉንም ነገር ትቼ ወደ ኋላ ተመልሻለሁ። ስለዚህ እናንተ ስሙ።

መጀመሪያ ያብጣል። ቁርጭምጭሚቴ ላይ የካልሲዬ ላስቲክ ቦይ ቆፍሮ ነበር። ጠዋት ጠዋት ፊቴ ያባብጣል። ውሃ ነው። ያልፋል፤ ግን ለሐኪም ይነገር፣ ቅድም ያልኩትም አደጋ ስላለ። ቀጥሎ ሆድ ቀድሞ ይሞላል። እጅና እግር ገና ቀጭን ሆኖ ሆድ ይወጣል። መስታወት ፊት ቆሜ «ይኸው! ያልኩት ደረሰ!» ብያለሁ። አልደረሰም። መጀመሪያ ወገብ አካባቢ ነው የሚቀመጠው፤ በወራት ውስጥ፣ አንዳንዴ እስከ ዓመትና ከዚያ በላይ ቆይቶ፣ ወደየቦታው ይሰራጫል። ያን ጊዜ ላይ መብላት ያቆመ ሰው ግን ስርጭቱን ሳያየው ይቀራል።

ከዚያ ሙቀት። ሁለት ዓመት በብርድ ስንዘፈዘፍ የኖርኩት ልጅ ሌሊት አንሶላዬ በላብ ይረጥብ ጀመር። የቆመው ምድጃ ተቀጣጠለ ማለት ነው። ሰውነት ተጨማሪ ምግብ ሲያገኝ ማቃጠሉንም ይጨምራል። ለዚህ ነው ባለፈው ወር ኪሎ የጨመራችሁበት መጠን በዚህ ወር ምንም የማይጨምረው። ሐኪሙ «ጨምሪ» ሲላችሁ እያታለላችሁ አይደለም።

ከሁሉ የከፋኝ ግን ረሃቡ ነው። ወራት ሙሉ በግድ ስጎርስ የቆየሁት ልጅ፣ አንድ ሌሊት ወደ 9 ሰዓት ላይ ከእንቅልፌ ነቃሁ። ራበኝ ማለት አይገልጸውም። ወጥ ቤት በባዶ እግሬ ቆምኩ። የፍሪጁ መብራት ብቻ ነው ያለው። የለውዝ ቅቤውን ከነማሰሮው አቅፌ በማንኪያ እበላለሁ። እየበላሁ አለቅሳለሁ። ማንኪያው ታች ሲደርስ የሚያሰማው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። «አለቀልኝ» አልኩ። «አሁን ደግሞ ማቆም የማይችል ሆዳም ሆንኩ።»

ጠዋት ለሐኪሜ አፍሬ ነገርኩት። «ስንት ወር ነው የተራብሽው?» አለኝ።

«ሁለት ዓመት።»

«ታዲያ በአንድ ማሰሮ ተከፍሎ የሚያልቅ መሰለሽ?»

የሚኒሶታዎቹን አስታውሱ። እነሱም ለወራት እንደዚያ ነበሩ። ከክብደታቸው በላይ ሄደው፣ በኋላ ቀስ ብለው ተመልሰዋል። ይህ ረሃብ ሁሉም ላይ አይመጣም። ከመጣባችሁ ግን መልሱ ማግስቱን መጾም አይደለም። ማግስቱን ቁርስ በሰዓቱ ነው። ረሃቡ እየተመገበ ነው የሚረግበው፤ እኔ ላይ አራት ወር ገደማ ወሰደ። እየበላችሁ የምታስመልሱ ከሆነ ግን፣ ወይም ማቆም ካቃታችሁ፣ ሳትደብቁ ተናገሩ። እሱ የራሱ ሕክምና አለው።

ወዳጅ ዘመዶች፣ አንድ ልመና። ልጅቷ ስታገግም «ወፈርሽ! ተመቸሽ! ፊትሽ ሞላ!» አትበሏት። ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። አንዲት የአባቴ ዘመድ ጉንጬን ቆንጥጣ «ተመስገን፣ ሰው መሰልሽ» አለችኝ። ሦስት ቀን መብላት አቃተኝ። ምን ይባል? «ስላየሁሽ ደስ አለኝ» ይበቃል። «የት ጠፋሽ?» ይበቃል። ስለ ራሳችሁ ዳይትም እዚያ ጠረጴዛ ላይ አታውሩ፤ እባካችሁ።

ጥያቄ አለ? አዎ፣ ከኋላ ያሉት አባት።

(አንድ አባት፦ «ልጄ ኪሎዋ ተመልሷል። ሐኪሙም ጥሩ ነው ብሏል። ግን አሁንም ምግብ ትፈራለች። እና የማይሻላት ከሆነ ብዛቱን ብንቀንስላትስ?»)

አይቀንሱ፣ አባቴ። እባክዎ አይቀንሱ። ገላ ቀድሞ ይደርሳል፤ ጭንቅላት ኋላ ነው የሚመጣው። እኔ ኪሎዬ ከተመለሰ በኋላ ፍርሃቱ እስኪለቀኝ አንድ ዓመት ያህል ቆይቷል። አጥንት ደግሞ ከዚያም በላይ ይወስዳል፤ ሙሉ በሙሉ የማይመለስበትም ጊዜ አለ። ውዝፉ ገና እየተከፈለ ነው። ኪሎው «ጥሩ» የተባለውስ የማን ልክ ነው? የሠንጠረዥ ልክ ነው ወይስ የእሷ? አንዳንድ ሰው የወር አበባው፣ የልብ ምቱ፣ ሐሳቡ የሚመለሰው ከሠንጠረዡ ዝቅተኛ መስመር ራቅ ብሎ ነው። ሐኪሙን ይህንን ይጠይቁት። እርስዎ ደግሞ አብረዋት ይብሉ። ዝም ብለው። ድመት የሚያውቁ ከሆነ ስለ ድመት ያውሩላት። (ሳቅ)

እህቴ ሰዓቷን እያሳየችኝ ነው። 10 ሰዓት ሆኗል። የንግግሬ ሰዓት ብቻ ሳይሆን የመክሰሴ ሰዓት ነው። ስምንት ዓመት ሆኖኝም ሰዓቴን አልለቅም። ከኋላ ጠረጴዛ ላይ ኬክ አለ። ስትገቡ አይታችሁታል። ዘንድሮስ አልቆጠርኩትም ልላችሁ ነበር፤ ውሸት ነው፣ ቆጥሬዋለሁ። ሃያ ሁለት ነው። (ሳቅ) ሁለቱ የእኔ ናቸው። እስቲ ያ ጥግ ላይ ያለኸው ወንድሜ፣ ሳህኑን አቀብለን።